«አፄ ፋሲል ዌር» ለምን አይባልም? ስለ እንግሊዝኛ ረዳት ግሶች

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጎንደር ነው። ፋሲል ግቢ አስጎብኚ ለመሆን እየተለማመድኩ ነው። እንግሊዝኛ ይገባኛል፣ እናገራለሁም። ረዳት ግሶቹ ግን ያምታቱኛል። ትምህርት ቤት ‹ሂ፣ ሺ፣ ኢት ካለ ግሱ ላይ ኤስ ጨምሩ› ተብለናል። በዚያው ሕግ ‹ሂ ካን ስፒክስ› ስል ስህተት ነው ይሉኛል። ‹ዳዝ ሺ ሊቭስ ሂር› ስልም ያርሙኛል። ደግሞስ ‹ዩ› አንድ ሰው ሆኖ ‹አር› የሚከተለው ለምንድን ነው? ጓደኛዬ ‹ይኼ ነገር ሕግ የለውም፤ ፊልም ብቻ እይ፣ ይለምድልሃል› ይለኛል። የሰዋስው መጽሐፍ ልግዛ ወይስ ፊልም ልይ?»

ምላሽ፦ ሕግ አለው። ጓደኛህ እዚህ ላይ ተሳስቷል። ትምህርት ቤት የተነገረህም ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የያዝከው። «ሂ፣ ሺ፣ ኢት» ሲመጣ «ኤስ» የሚጨመረው ግሱ ብቻውን ሲቆም፣ ጊዜውም የአሁን ሲሆን ነው። «ሺ ሊቭስ ኢን ጎንደር» ትላለህ፤ ልክ ነው። ረዳት ግስ፣ ማለትም እንደ «ዱ»፣ «ሃቭ»፣ «ካን» ከዋናው ግስ ፊት የሚቆም ግስ፣ ከገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ይኼኛው ግማሽ ብዙ ጊዜ በሌላ ምዕራፍ፣ በሌላ ወር ይመጣል። ከመጀመሪያው ጋር የሚያገናኘው ሰው አይኖርም። «ሂ፣ ሺ፣ ኢት»ን ደግሞ ሁላችንም ክፍል ውስጥ በዜማ ነው የያዝነው። በዜማ የተያዘ ነገር ቶሎ አይለቅም።

የጎደለው ግማሽ ይኸውልህ። በእንግሊዝኛ ሁለትም ሦስትም ግሶች ተከታትለው ሊቆሙ ይችላሉ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚያሳየው ግን አንዱ ብቻ ነው። እሱም ፊት የቆመው ነው። ሌሎቹ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን አይነቃነቁም። «ሺ ሃዝ ቢን ሊቪንግ ሂር» እና «ዜይ ሃቭ ቢን ሊቪንግ ሂር» የሚሉትን አስተያይ። ሦስት ግስ አለ። የተለወጠው የፊቱ ብቻ ነው፦ «ሃዝ» ወይ «ሃቭ»። «ቢን» እና «ሊቪንግ» ባሉበት ናቸው። የአንተን ችግር አብዛኛውን የሚፈታው ይህ አንድ ነገር ነው። የቀረው ዝርዝር ነው።

አሁን ወደ «ዳዝ ሺ ሊቭስ» እንመለስ። «ሺ ሊቭስ ሂር» ላይ ረዳት ስለሌለ «ኤስ»ን የያዘው ራሱ «ሊቭ» ነው። ጥያቄ ስታደርገው «ዱ» ይመጣል። የመጣው ከፊት ነውና ምልክቱን እሱ ይወስድና «ዳዝ» ይሆናል። «ሊቭ» ባዶውን ይቀራል፦ «ዳዝ ሺ ሊቭ ሂር»። አፍራሹም እንደዚያው ነው፦ «ሺ ዳዝንት ሊቭ ሂር»። አንተ ያልከው ላይ ምልክቱ ሁለት ጊዜ ገብቷል።

የጊዜ ምልክትም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። «ዲድ ዩ ዌንት ቱ ደባርቅ» አይባልም። ያለፈ ጊዜ መሆኑን «ዲድ» ተናግሯል፤ «ዌንት» ደግሞ መልሶ መናገር የለበትም። «ዲድ ዩ ጎው ቱ ደባርቅ» ነው። «ዲድ» በነገራችን ላይ ከሁሉም የቀለለው ረዳት ነው። ለ«አይ»ም ለ«ሺ»ም ለ«ዜይ»ም ያው «ዲድ» ነው።

በዚህ ነገር ውስጥ በጣም የሚያሳስተው «ሃቭ» ነው። «ሂ ሃዝ ኤ ቲኬት» ልክ ነው፤ ሰው ስለለመደው ጥያቄውንም «ዳዝ ሂ ሃዝ ኤ ቲኬት» ይለዋል። ጆሮ ላይ ጥሩ ይመስላል። ግን «ዳዝ» ፊት ስለቆመ «ሃዝ» ወደ «ሃቭ» መመለስ አለበት፦ «ዳዝ ሂ ሃቭ ኤ ቲኬት»። የሥራ ቃለ መጠይቅ የተቀመጡ፣ ጥሩ ተናጋሪ የሚባሉ ልጆች ሳይቀሩ የሚስቱት ይህችን ነው።

ለምን ሁለቴ ምልክት ማድረግ ይቀናናል? አንዱ ምክንያት አማርኛችን ይመስለኛል። «ትኖራለች» የሚለውን ቃል ፈታ አድርገህ እየው። ፊት ላይ «ት» አለች፤ እሷን ታመለክታለች። መጨረሻው ላይ «አለች» አለ፤ እሱም እሷን ያመለክታል። በአንዲት ቃል ውስጥ ሁለት ጊዜ። «እየሄዱ ነበሩ» ስንልም «እየሄዱ»ም «ነበሩ»ም ብዙ መሆናቸውን ይናገራሉ። ስለዚህ «ዳዝ ሺ ሊቭስ» ለእኛ ጆሮ የሚጎረብጥ ነገር የለውም። ጥፋቱን ሁሉ በአማርኛ ላይ መጫን ግን ልክ አይደለም። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ሕፃናትም ንግግር ሲጀምሩ «ዲድ ሂ ዌንት» ዓይነት ነገር ይላሉ። ሲያድጉ ይለቃቸዋል።

«ለቋንቋ አልተፈጠርኩም» የሚል ሰውም ይህን ይስማ። ነኝ፣ ነህ፣ ነሽ፣ ነው፣ ናት፣ ነን፣ ናችሁ፣ ናቸው፤ በዚህ ላይ «ነዎት» ጨምርበት። ይህን ሁሉ ሳታስብ በቀን መቶ ጊዜ ታስማማለህ። እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ ያለው «ኤም፣ ኢዝ፣ አር» ብቻ ነው። የባለቤትና የግስ ስምምነት ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር እንግሊዝኛ ምልክቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው።

ወደ «ሂ ካን ስፒክስ» ልምጣ። «ካን፣ ኩድ፣ ዊል፣ ውድ፣ ሻል፣ ሹድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ማስት» የሚባሉት ለማንም አይለወጡም። ከእነሱ ኋላ የሚመጣው ግስም ባዶውን ነው የሚመጣው። «ሂ ካን ስፒክ»፣ «ዜይ ካን ስፒክ»፣ «አይ ካን ስፒክ»። የፊቱ ቦታ ተይዟል፤ የያዘው ግስ ደግሞ «ኤስ» አይቀበልም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ኤስ» የሚገባበት ቀዳዳ የለም። በአማርኛ «ይችላል፣ ትችላለች፣ ይችላሉ» ስለምንል «ካን»ም ሊለወጥ ይገባል ብሎ ማሰብ ያለ ነው። ግን አይለወጥም።

ምክንያቱ የቆየ ነው። «ካን»፣ «ሜይ»፣ «ሻል» እና «ማስት» ከእንግሊዝኛ በፊት፣ እንግሊዝኛም ጀርመንኛም በወጡበት የጥንት ቋንቋ ዘመን፣ ቅርጻቸው የኃላፊ ጊዜ ነበር። ትርጉማቸው ወደ አሁን ጊዜ ዞረ፤ ቅርጻቸው ባለበት ቀረ። በኃላፊ ጊዜ ደግሞ ለ«ሂ» ምንም አይጨመርም። «ሂ ዌንትስ» የሚል ሰው ሰምተህ አታውቅም። «ሂ ካንስ» የማይባለውም በዚያው ምክንያት ነው። «ዊል» መነሻው ሌላ ነበር፤ ግን ከእነዚህ ጋር ሲውል ጠባያቸውን ወረሰ። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር የሚባለው ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ። «መናገር ይችላል» ስለምንል «ሂ ካን ቱ ስፒክ» ይመጣብናል። «ቱ» አያስፈልግም። ሌላው «ሃቭ ቱ» ነው። ትርጉሙ ከ«ማስት» ጋር ይቀራረባል፤ ጠባዩ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። «ሺ ማስት ዌይት» ላይ ምንም አይለወጥም። «ሺ ሃዝ ቱ ዌይት» ላይ ግን ይለወጣል። ጥያቄውም «ዳዝ ሺ ሃቭ ቱ ዌይት» ነው፤ ከላይ ያየናት ወጥመድ ናት።

«ዩ» አንድ ሰው ሆኖ «አር» የሚከተለው ለምንድን ነው ላልከው፣ ለጎንደር ሰው ማስረዳቱ ቀላል ነው። ድሮ እንግሊዝኛ ለአንድ ሰው «ዛው» የሚል የራሱ ተውላጠ ስም ነበረው። ግሱም የራሱ ቅርጽ ነበረው። «ዩ» የብዙ ወገን ነበር። ከዚያ ትልቅን ሰው ለማክበር በብዙ ቁጥር «ዩ» ማለት ተለመደ፤ እኛ «አንቱ» እንደምንለው። ክብሩ እያደር ለሁሉም ተዳረሰ፤ «ዛው» ከተራው ንግግር ወጣ። ግሱ ግን የብዙ እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ ፊትህ የቆመው እንግዳ አንድም ይሁን አርባ «ዩ አር»፣ «ዩ ዌር»፣ «ዩ ሃቭ»፣ «ዱ ዩ» ነው። «ዩ ኢዝ»ም «ዩ ዎዝ»ም በመደበኛው እንግሊዝኛ የለም።

«አይ»ም ጠባዩ ወጥ አይደለም። «አይ ዎዝ» ላይ ከነጠላዎቹ ጋር ይቆማል። «አይ ሃቭ» እና «አይ ዱ» ላይ ደግሞ ከብዙዎቹ ጋር ነው። «ኤም» ለብቻው የእሱ ነው። «አይ አንድ ሰው ነው፤ ስለዚህ አይ ሃዝ» የሚለው ስሌት የማይሠራው ለዚህ ነው። «ሃዝ» እና «ዳዝ» ለሦስተኛ መደብ ነጠላ (ለ«ሂ፣ ሺ፣ ኢት») ብቻ ናቸው። «ዊ» ደግሞ በምንም መንገድ አይነካቸውም፤ ፒያሳ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ «ዊ ሃዝ ፍሬሽ ፊሽ» ተብሎ በትልቁ ተጽፎ አይቻለሁ። ዓሣው ጥሩ ነው፤ «ሃዝ»ዋ ግን «ሃቭ» መሆን ነበረባት።

የክብሩ ነገር ግን ከ«ዩ» አልፎ ሥራህ ውስጥ ይገባል። አስጎብኚ ነህ፤ ቀኑን ሙሉ የምታወራው ስለ ነገሥታት ነው። «አፄ ፋሲል ከተማዋን ቆረቆሩ» እንላለን እንጂ «ቆረቆረ» ብንል ነውር ነው። «እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን አሠሩ» ነው የሚባለው። በአማርኛ የክብሩ ግስ ከብዙ ቁጥሩ ጋር አንድ መልክ ስላለው፣ ወደ እንግሊዝኛ ስንዞር ሳናስበው ብዙ ቁጥር ይዘን እንሄዳለን። «ኢምፐረር ፋሲል ዌር ኤ ግሬት ኪንግ»። «ኩዊን ምንትዋብ ሃቭ ኤ ፓላስ»። የባሰው ደግሞ «ዜይ ቢልት ዚስ ካስል ፎር ዜይር ፋሚሊ» ነው። አንተ በልብህ አፄ ፋሲልን አክብረሃል። እንግዳው የሰማው ግን ብዙ ሰው ተባብሮ እንደሠራው ነው። ከረዳት ግስ ስህተቶች ሁሉ ታሪኩን የሚያዛባው ይህ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ ስጠው።

እንግሊዝኛ ክብርን ግስ ላይ አያስቀምጥም። ማዕረጉ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ንጉሥ ፊት ቆሞ የሚናገር እንግሊዛዊ እንኳ «ዩር ማጀስቲ ኢዝ» ነው የሚለው። ማዕረጉ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ስለሆነ ግሱም ነጠላ ነው። አንተም «ኢምፐረር ፋሲል ዎዝ»፣ «ሂ ቢልት»፣ «ኩዊን ምንትዋብ ሃድ» በል። አላዋረድካቸውም። አባትህንም እንደዚያው፤ «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ፕሪስት» ነው። «አር» ስላላልክ አባትህን አልደፈርክም።

«ዎዝ» እና «ዌር» ላይ ትንሽ ልቆይ። በእንግሊዝኛ ኃላፊ ጊዜ ግስ ለነጠላና ለብዙ ሳይለወጥ ነው የሚያልፈው። «ሂ ሳው፣ ዜይ ሳው»። «ሂ ሃድ፣ ዜይ ሃድ»። ለሁለት የተከፈለው «ዎዝ» እና «ዌር» ብቻ ነው። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ነው፤ ለአስጎብኚ ግን የቀን እንጀራ ነው። ግንቡ ሁሉ የሚተረከው «ተሠራ፣ ተሣለ፣ ተቃጠለ» እየተባለ ነውና። «ዘ ካስል ዎዝ ቢልት ባይ ኢምፐረር ፋሲል»፤ አንድ ግንብ። «ዘ ካስልስ ዌር ቢልት ባይ ዲፈረንት ኪንግስ»፤ ብዙ ግንብ። «ቢልት» በሁለቱም ያው ነው። ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስትናገረው «ፋሲል ግቢ ዎዝ ኢንስክራይብድ» በል። ግቢው ውስጥ ብዙ ሕንፃ አለ ብለህ ወደ «ዌር» አትዙር። ስሙ የአንድ ቦታ ስም ነው።

ይህ ወደ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ያደርሰናል። ሕጉን የሚያውቅ ሰውም የሚሳሳተው ባለቤቱ የቱ እንደሆነ ሲጠፋበት ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተህ ወደ ላይ አንጋጥ። ጣሪያው በመላእክት ፊት ተሞልቷል። «ዘ ሲሊንግ ኦፍ ዘ ቸርች ኢዝ ከቨርድ ዊዝ ኤንጅልስ» ስትል ባለቤቱ ጣሪያው ነው፤ አንድ ነው፤ «ኢዝ»። «ዘ ፌስስ ኦን ዘ ሲሊንግ አር ኦል ዲፈረንት» ስትል ደግሞ ባለቤቱ ፊቶቹ ናቸው፤ «አር»። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከግሱ አጠገብ ያለው «ሲሊንግ» ነጠላ ስለሆነ አፍ ወደ «ኢዝ» ይሳባል። ምላስ አጠገቡ ያለውን ቃል ነው የሚያየው። ስትጽፍ ከ«ኦፍ»፣ «ኦን»፣ «ኢን»፣ «ዊዝ» ጀምሮ እስከ ግሱ ያለውን በጣትህ ሸፍነው። የቀረው ስም ባለቤቱ ነው። «ዋን ኦፍ ዘ ካስልስ ኢዝ» የሚባለውም ለዚህ ነው። «ካስልስ»ን ሸፍነህ «ዋን»ን ታያለህ።

«ዜር ኢዝ» እና «ዜር አር» ላይ ደግሞ ባለቤቱ ከኋላ ነው። አፍህን ከመክፈትህ በፊት የሚመጣውን ማወቅ አለብህ። «ዜር ኢዝ ኤ ላይብረሪ»፣ «ዜር አር ሜኒ ካስልስ»። አማርኛችን እዚህ ላይ ለቀቅ ያለ ነው። «ብዙ ሰው አለ» እንላለን፤ «ሦስት ቱሪስት መጣ» ብንልም የሚቆጣን የለም። ከቁጥር በኋላ ስሙንም ግሱንም በነጠላ መተው እንችላለን። እንግሊዝኛ አይፈቅድም። «ስሪ ቱሪስትስ አር ዌይቲንግ» ነው።

«ፒፕል» የሚለውን ለብቻው ያዘው። «ሕዝቡ ወጣ»፣ «ሰው ምን ይላል» ስለምንል «ፒፕል ኢዝ» እና «ፒፕል ሃዝ» አፋችን ላይ ይቀድማል። በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ዙሪያ የቆመው ሕዝብ ለእንግሊዝኛ ብዙ ነው፦ «ፒፕል አር»፣ «ፒፕል ሃቭ»፣ «ዱ ፒፕል ካም»። «ፖሊስ»ም እንደዚያው «አር» ነው። በተቃራኒው «ሁሉም መጡ» የምንለው ለእነሱ ነጠላ ነው፦ «ኤቭሪዋን ኢዝ ሂር»፣ «ሃዝ ኤቭሪዋን ሲን ኢት»። «ኒውስ» በ«ኤስ» ቢያልቅም «ኢዝ» ነው። «ኢንፎርሜሽን»ም «ኢዝ» ነው፤ «ኢንፎርሜሽንስ» የሚባል ነገር የለም። ገንዘብ በድምሩ ሲጠራ ነጠላ ነው። «ፋይቭ ሀንድረድ ብር ኢዝ ኢናፍ» ብትል ልክ ነህ፤ ደግሞም ሳትጠቀምባት አትቀርም።

አጫጭር ቅርጾቹ ሌላ ራስ ምታት ናቸው። «ሂዝ» የሚለው «ሂ ኢዝ»ም «ሂ ሃዝ»ም ሊሆን ይችላል። «ሂዝ ጎዊንግ» ላይ «ኢዝ» ነው፤ «ሂዝ ቢን» ላይ «ሃዝ» ነው። የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ነው። ለተማሪ ክፋቱ ድምፁ ሲያጥር ረዳቱ ጭራሽ መጥፋቱ ነው። «ሺ ጎዊንግ»፣ «ዜይ ጎን» እያሉ ይቀራሉ። አንተ ለጊዜው ሙሉውን በል። «ሺ ኢዝ ጎዊንግ» ማለት ትንሽ ቆፍጠን ያለ ይመስላል፤ ስህተት ግን አይደለም።

ፊልሙ የማያዋጣህም በዚህ ነው። በተፈጥሯዊ ንግግር ረዳት ግሶች ጎልተው አይነገሩም። «ዳዝ»፣ «ሃዝ»፣ «ዎዝ» ተውጠው ነው የሚያልፉት። ያልያዝከውን ነገር ደግሞ ጆሮህ አይሰማልህም። ፊልም ጆሮን ያሠለጥናል፤ ቃላትም ታገኝበታለህ። ይህን ችግር ግን ብቻውን አይፈታልህም። ሌላም ጣጣ አለው። በዘፈንና በፊልም «ሂ ዶንት»፣ «ዊ ዎዝ»፣ «ኤይንት» ትሰማለህ። ተናጋሪዎቹ አልተሳሳቱም፤ የሰፈራቸው ወይም የማኅበረሰባቸው አነጋገር ነው። አንተ ፈተና ላይ፣ የሥራ ማመልከቻ ላይ ወይም እንግዳ ፊት ብትለው ግን አለማወቅ ተብሎ ይቆጠርብሃል።

አከራካሪ የሆኑም አሉ። እነሱ ላይ ጊዜህን አታጥፋ። ፋሲል ከነማ ሲጫወት «ፋሲል ከነማ ኢዝ ፕሌይንግ» ነው ወይስ «አር»? አሜሪካኖቹ ቡድንን እንደ አንድ አካል አይተው ወደ «ኢዝ» ያደላሉ። እንግሊዞቹ በተለይ ስለ ኳስ ሲያወሩ «አር» ይላሉ። ሁለቱም ያስኬዳል፤ አንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አትቀላቅል። «ኢፍ አይ ዌር ዩ» ላይ «ዌር» የመጣው ነገሩ ያልሆነ፣ የታሰበ ስለሆነ ነው። በንግግር «ኢፍ አይ ዎዝ» የሚሉም ብዙ ናቸው። ለፈተና «ዌር» በል። እንግሊዝኛ የተወለዱበት ሰዎችም በንግግር «ዜርዝ ቱ ካስልስ» (ሁለት ግንቦች አሉ) ሲሉ ትሰማለህ። ስትጽፍ አትከተላቸው፤ ሲሉ ስትሰማም አትረማቸው።

ይኼ ሁሉ ምን ያህል ያስጨንቃል? እንግዳ ፊት «ዳዝ ሺ ሊቭስ» ብለህ ቢያመልጥህ ይገባዋል። ቲኬቱን አይመልስም። ንግግርህን እያቋረጥክ ራስህን ብታርም ይብሳል፤ ወሬው ይበጣጠሳል፣ እሱም ይሰለቻል። በጽሑፍ ሲሆን ግን ይለያል። የሥራ ማመልከቻ፣ የሆቴል ምናሌ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ማስታወቂያ፤ እዚያ ላይ አንዲት «ሃዝ» ቀድማ ትታያለች። ስልክህ ላይ ያለው አራሚ ለጽሑፍ ያግዝሃል። አንዳንዴ ግን ግሱን መለወጥ ሲገባው ስሙን ይለውጥና ያላልከውን ያስብልሃል። የሚያቀርብልህን አንብበህ ነው መቀበል ያለብህ።

እንግዲህ ምክሬ። አዲስ የሰዋስው መጽሐፍ አትግዛ። ሠንጠረዡ ሁለተኛ ደረጃ በተማርክበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ አለ። የሚጎድልህ መረጃ አይደለም፤ አፍህ ነው ያልለመደው። ስለዚህ የራስህን የማስጎብኛ ንግግር ውሰድ። ከበሩ ጀምሮ እስከ መውጫው የምትለውን ጻፈው። ከዚያ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ድምፅ አውጥተህ በሦስት መልክ በለው፦ እንዳለ፣ በአፍራሽ፣ በጥያቄ። «ዘ ኪንግ ሊቭድ ሂር»። «ዘ ኪንግ ዲድ ኖት ሊቭ ሂር»። «ዲድ ዘ ኪንግ ሊቭ ሂር»። ወደ ጥያቄ ስትቀይረው ከባለቤቱ በፊት የሚዘለው ቃል የቱ እንደሆነ ልብ በል። ምልክቱን የሚይዘው እሱ ነው። ዋናው ግስ ባዶውን ቆሞ ታገኘዋለህ። ቀጥሎ ባለቤቱን ለዋውጥ፦ ንጉሡ፣ ነገሥታቱ፣ እኔ፣ አንተ፣ ሕዝቡ። ዓረፍተ ነገሩ ያው ሆኖ የፊቱ ግስ ብቻ ሲለወጥ ጆሮህ ይይዘዋል።

ይህን በስልክህ ቅዳና አዳምጠው። ስታዳምጥ ሁሉንም ስህተት አታድን። መጀመሪያ ነገሥታቱን ብቻ ተከታተል፤ «ዌር» ወይም «ዜይ» ያልክበትን ቦታ ምልክት አድርግ። እሱ ሲስተካከል ወደ «ዱ፣ ዳዝ፣ ዲድ» ሂድ። ከዚያ «ፒፕል» እና «ዜር አር»። «ካን» እና ጓደኞቹ ኋላ ቢሆኑ ግድ የለም፤ «ኤስ» አልጨምርም ካልክ አለቀ። የቡድን ስሞቹን ጭራሽ ተዋቸው። አንድ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ካለህ ደግሞ አጠገብህ ቆሞ ግንቡን ሲዞር ይስማህ፤ በመሀል አያቋርጥህ፣ መውጫው በር ላይ ስትደርሱ ብቻ ይንገርህ።